ጥርስ ከማስተከላችን በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ጥርስ ምግብ ማላመጫ ብቻ አይደለም፤ የፊት ቅርጽም የንግግርም መሠረት ነው። የፊት ጥርሱን ያጣ ወጣት አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲናገር፣ ክፍል ውስጥ «ተነሥና አንብብ» ሲባል ሲያመነታ፣ ቁርኣን ሲቀራም በምላስ ጫፍና በላይኛው የፊት ጥርስ የሚወጡትን ሣእን፣ ዛልንና ዟእን ማጥራት ሲቸገር እኛ አስተማሪዎች እናያለን።

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ጥርስ የሚታጣበት ምክንያት ብዙ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ በጊዜው ሳይታከም ቀርቶ ይነቀላል፤ ድድ ታሞ ጥርስ ይነቃነቃል፤ በኳስ ሜዳና በባጃጅ አደጋ ይሰበራል። አዊ የፈረስ አገር በመሆኑም ከፈረስ ወድቆ ጥርሱን የሚያጣ አይጠፋም። ታዲያ «ጥርስ ይተከላል» የሚለውን ወሬ የሰማ ቤተሰብ ብዙ ተስፋ ያደርጋል። ገንዘቡ ግን ከብት ተሽጦ፣ ወይም ዐረብ አገር ያለች እህት ልካው የሚከፈል ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ መጠየቅና ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥርስ ተከላ ምንድን ነው?

የጠፋን ጥርስ የመተካት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ያረፈው የአንደሉስ ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ፣ አት-ተስሪፍ በተባለው መጽሐፉ የሚነቃነቁ ጥርሶችን በወርቅ ሽቦ ስለማሰርና ከበሬ አጥንት ቀርጾ ስለመተካት ጽፏል። የዛሬው ኢምፕላንት የሚባለው ተከላ መነሻው ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ላይ ሲመራመር፣ ያስገባው የቲታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ አለው። የመጀመሪያው ታካሚ እ.ኤ.አ. በ1965 ተተከለለት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞትም ድረስ ተገለገለበት።

ሥራው በደረጃ የሚከናወን ነው። በመጀመሪያ ትንሽ የቲታኒየም ብሎን በማደንዘዣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከዚያ አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። በመጨረሻም በብሎኑ ላይ ማገናኛና ጥርስ የሚመስለው ሽፋን ይታሰራል። አጥንቱ የሳሳ ከሆነ አስቀድሞ የአጥንት ማካካሻ ይጨመራል፤ ይህም ተጨማሪ ወራትና ተጨማሪ ወጪ ማለት ነው። ከዳንግላ ባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ ከእንጅባራ ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነውና፣ ወደዚያ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰበ ሰው የሚያወጣው የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ምልልስ ሒሳብ መሆኑን ይወቅ።

ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

ተከላ በሚገባ ተመርምሮ ከተሠራና ከተጠበቀ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከ10 ዓመት በኋላም ያገለግላል። ሆኖም ለሁሉም ሰው እኩል አይሆንም። ስኳር በሽታው ከቁጥጥር የወጣ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ በቅድሚያ ስኳሩ ይስተካከል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ብሎኑ ሳይያዝ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የታመመ ድድ በቅድሚያ መታከም አለበት። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ፣ መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና ያደረገ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚጠቀም ሁሉ ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። እርጉዝ እናት ከወሊድ በኋላ ብታደርገው ይሻላል። መንጋጋቸው አድጎ ያላበቃ ልጆችም ዕድገታቸው እስኪፈጸም ይጠብቁ፤ ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር አብሮ አያድግምና ጥርሱ ከሌሎቹ አጥሮ ይቀራል።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ መጠየቅ ሐኪሙን አለማክበር አይደለም። ብሎኑን የሚያስገባው ማን ነው? በዚህ ሥራስ ምን ሥልጠና አለው? በራጅ ወይም በሲቲ ስካን አጥንቱ ተለክቷል ወይ? ይህ መታየት ያለበት በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከንፈርን የሚያሰማ ነርቭ ስለሚያልፍ፣ ከላይኛው መንጋጋ በላይም ክፍት የአየር ቦታ ስላለ ነው። የተነገረን ዋጋ የብሎኑ ብቻ ነው ወይስ ሽፋኑንና ክትትሉን ይጨምራል? ብሎኑ ባይይዝስ ምን ይደረጋል? የብሎኑን ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር የያዘ ካርድ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ቢያስፈልግ ያለዚያ ካርድ ዕቃውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሌሎች አማራጮችም ይጠየቁ። ወልቆ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ቀዶ ጥገናም አያስፈልገውም። ድልድይ የሚባለው ቋሚ ጥርስ ደግሞ ከተከላ ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን ጎንና ጎን ያሉ ጥርሶች መሞረድ አለባቸው።

ሃይማኖታችንን የሚመለከቱ ጉዳዮች

ከሙስሊም ቤተሰቦች የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው ሠራሽ ጥርስ ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ነው። ሶሓባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ በኩላብ ዘመቻ አፍንጫውን አጥቶ ከብር አሠርቶ ነበር፤ ብሩ ሲሸትበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያደርግ እንዳዘዙት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑለማዎች ይህን ሐዲስ ለሕክምና ሲባል አካልን ለመተካት ማስረጃ ያደርጉታል። ቲታኒየም ደግሞ ወርቅም ብርም አይደለም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ለአጥንት ማካካሻና ለቁስሉ መሸፈኛ ከሚውሉት ምርቶች ከፊሉ ከከብት፣ ከፊሉ ግን ከአሳማ የሚዘጋጁ ናቸው፤ ከሰው አጥንትና ከማዕድን የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ ከሥራው በፊት «ከምን የተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሐኪሙ አማራጭ ሊያቀርብ ይችላል። አማራጭ የለም ከተባለ የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ።

ሦስተኛው ዒባዳን ይመለከታል። መድኃኒትና ፈሳሽ መውሰድ ስለሚያስፈልግ፣ አጣዳፊ ካልሆነ ቀጠሮውን ከረመዳን ውጭ ማድረግ ይቀላል። በመጀመሪያው ቀን አጥብቆ መጉመጥመጥና መትፋት የረጋውን ደም ያነሣዋል። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ በውዱእ መጉመጥመጥ ሱና ስለሆነ ውኃውን ቀስ አድርጎ ማስገባትና ማፍሰስ ይበቃል። መፋቂያውም ቁስሉን ሳይነካ በሌሎቹ ጥርሶች ላይ ይቀጥል።

ከተተከለ በኋላ

ጥቂት እብጠትና ሕመም ለጥቂት ቀናት ይኖራል። ደሙ አልቆም ካለ፣ ትኩሳትና መግል ከመጣ፣ ከንፈር እንደደነዘዘ ከቀረ ወይም ብሎኑ ከተነቃነቀ ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ ያስፈልጋል። ሲጋራና ጫት ቁስሉን ይጎዱታል። የተተከለ ጥርስ አይቦረቦርም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ካልጸዳ ይታመማል፣ ብሎኑም ይወድቃል። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳትና በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መታየት ግድ ነው።

ከሁሉ በፊት

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የትኛውም ተከላ የተፈጥሮን ጥርስ እንደማይስተካከል ነው። የታመመ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም፤ «ሊሞላ ወይም ሥሩ ሊታከም አይችልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ከወጣ ሥሩን ሳትነኩ ጭንቅላቱን ይዛችሁ፣ ሳትፍቁ በወተት ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ጣሩ፤ ተመልሶ ሊያዝ ይችላል። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም። ይህን የምታውቅ እናት በአንድ ኩባያ ወተት የልጇን ጥርስ ልታተርፍ፣ ቤተሰቡንም ከብዙ ወጪ ልታድን ትችላለች።

ወላሁ አዕለም።