የዘይላው ነጋዴ ገዥ፦ በሩን የያዘ፣ መንገዱ ያመለጠው

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ የሚገዛ ደንበኛ ገንዘብ የሚያወጣው ለዕቃው ብቻ አይደለም። ለወደቡም፣ ለማጓጓዣውም፣ ለቀረጡም ይከፍላል። ይህን ሒሳብ ከመቶ ዓመት በፊት ጠንቅቀው ያወቁ አንድ ነጋዴ ነበሩ። አውቀውም ዝም አላሉም፤ ቀረጥ መሰብሰቢያውን ራሱን ያዙት። እኚህ ሰው አቡበከር ኢብራሂም፣ ኋላ አቡበከር ፓሻ የተባሉት የአፋር ተወላጅ ናቸው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በሶማሌላንድ ጠረፍ ዓሣ አስጋሪዎች የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ የሆነችው ዘይላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሐረርና የሸዋ ንግድ በር ነበረች። የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ቆዳና ሙጫ በግመል ይወርዳል፤ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ አቡበከርም ከዚህ ንግድ እጃቸው ንጹሕ አልነበረም።

በኦቶማኖች ስም የሚተዳደረው የዘይላ ሹመት ከደመወዝ ይልቅ ኮንትራት ይመስል ነበር። ተሿሚው በየዓመቱ የተቆረጠ ገንዘብ ለሿሚው ያስገባል፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ቀረጥ ትርፉ ነው። እንዲህ ያለውን ሹመት የሚፈልገው ነጋዴ ቢሆን ምን ያስደንቃል?

ከአቡበከር በፊት ቦታውን የያዙትም ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ ሳሌሕ የተባሉ የሶማሌ ነጋዴና መርከበኛ ነበሩ። በ1825 በበርበራ ጥቃት የደረሰባትን የእንግሊዝ መርከብ ባሕረኞች በማዳናቸው የእንግሊዞችን ወዳጅነት አትርፈዋል። አቡበከር ደግሞ ፈረንሳዮችን ተጠግተው ተፎካከሯቸው፤ በ1850ዎቹ አጋማሽም ሥልጣኑን ወሰዱ። ደጋፊያቸው የነበረው ፈረንሳዊው ሄንሪ ላምበርት በ1859 ተገደለ። በግድያው የተጠረጠሩት ሸርማርኬ በፈረንሳዮች ተይዘው በ1861 ሞቱ። ፈረንሳይም በ1862 ኦቦክን በ10,000 ጠገራ ብር ገዝታ በጠረፉ እግሯን ተከለች።

አቡበከር ጌታ ሲለዋወጥ እሳቸው ቦታቸውን አልለቀቁም። በ1875 ግብፅ ዘይላን ከኦቶማኖች በዓመት 15,000 ፓውንድ ስትረከብ የግብፅ ሹም ሆኑ፤ የፓሻነት ማዕረግም አገኙ። በዚያው የፈረንሳይን ከለላ አልተዉም፤ ከንጉሥ ምኒልክም ጋር ይላላኩ ነበር። ወደ ሸዋ ለመዝለቅ ግመልና መሪ የሚፈልጉ የውጭ ነጋዴዎች እሳቸውና ልጆቻቸው ካልፈቀዱ መንገዱ እንደማይከፈት ያማርሩ ነበር። በአንድ እጁ ቀረጥ የሚሰበስብ፣ በሌላው የራሱን ቅፍለት የሚሰድ ገዥ ሲኖር ተፎካካሪው አቤት የሚልበት ዳኛ የለውም።

ይሁን እንጂ ፓሻው የያዙት በሩን እንጂ መንገዱን አልነበረም። በ1884 እንግሊዝ ዘይላን ያዘች፤ በ1885 አቡበከር ሞቱ። በ1887 ምኒልክ ሐረርን ያዙ። በ1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ ጠረፉን ሲከፋፈሉ ዘይላ ለእንግሊዝ፣ ጅቡቲ ለፈረንሳይ ደረሱ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ የዘይላ ግመል ግን ጭነት አጣ። ውሳኔው የተሰጠው በፓሪስ፣ በለንደንና በአዲስ አበባ ነበር፤ የዘይላ ቀረጥ ሰብሳቢ ሐሳቡን የሚጠይቀው አልነበረም።

ቤተሰቡ ከፖለቲካው አልወጣም። ከዘራቸው የተወለዱት ዓሊ ዓሪፍ ቡርሃን በ1960ዎቹና እስከ 1976 ድረስ፣ ጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም፣ በፈረንሳይ ሥር የነበረውን የጅቡቲ ግዛት የመንግሥት ምክር ቤት መርተዋል። ሥልጣኑ ከንግዱ ጋር ወደ ጅቡቲ ተሻግሯል ማለት ይቻላል።

ድሬዳዋም የመንገድ ልጅ ናት። አሮጌው ባቡር ሲዳከም የከተማዋ ገበያ ምን እንደሆነ ነባር ነጋዴ ያውቀዋል። ከ2018 ወዲህ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሥራ ጀምሯል፤ በ2022 ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቷል፤ በርበራም ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ጭነት ለማግኘት ከጅቡቲ ጋር ይፎካከራል። እንግዲህ ሱቅ የሚከራይ፣ መጋዘን የሚሠራ ሁሉ የዛሬውን ቀረጥ ብቻ አያስላ። የጎረቤት ወደብ ታሪፍ ቢቀንስ፣ ጭነቱም አቅጣጫውን ቢቀይር፣ ያፈሰሰው ካፒታል ምን ያህል ያዋጣል? አቡበከር ፓሻ በሕይወት ዘመናቸው አተረፉ፤ ኪሳራው የደረሰው ዘይላ ላይ ቤት ሠርተው፣ ግመል ገዝተው በቀሩት ላይ ነው።