ሲማሮን፤ አፈሩን ነፋስ የወሰደበት አውራጃ

የአገር ሀብት ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዳንዱ ወርቅና ብር፥ አንዳንዱም የፋብሪካ ብዛት ነው ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን የሚታረሰው አፈር ከሄደ ሕዝቡም ተከትሎ እንደሚሄድ፥ በአሜሪካ የሚገኘው የሲማሮን አውራጃ ታሪክ በግልጥ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሲማሮን በኦክላሆማ ግዛት በምዕራብ ጫፍ ያለ፥ ስፋቱም 4,770 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አውራጃ ነው። በሰሜን ካንሳስና ኮሎራዶ፥ በምዕራብ ኒው ሜክሲኮ፥ በደቡብ ቴክሳስ ያዋስኑታል፤ ከራሱ ግዛት ሌላ አራት ግዛቶችን የሚያዋስን አውራጃ በአሜሪካ ከእርሱ በቀር የለም። አገሩ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ዝናቡ ጥቂት፥ ነፋሱ ብርቱ ነው። በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ብቻ ብላክ ሜሳ፥ ማለት ጥቁር አምባ፥ የተባለው ከፍታ ይታያል፤ ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,516 ሜትር ሲሆን፥ በኦክላሆማ ከእርሱ የሚበልጥ ተራራ የለም።

ቀድሞ በዚህ ሜዳ ኮማንቺና ካይዎዋ የተባሉት ነገዶች ጎሽ እያደኑ ይኖሩ ነበር። ቴክሳስ ባርያ የሚያሠራ ግዛት ስለ ነበረና ሕጉም ከተወሰነው መሥመር በስተሰሜን ባርነትን ስለ ከለከለ፥ በ1850 ዓ.ም. ይህን መሬት ለቀቀ፤ ከጎረቤቶቹም አንዱ ስንኳ ስላልወሰደው፥ «የማንም ያልሆነ አገር» ተብሎ እስከ 1890 ዓ.ም. ያለ ዳኛና ያለ ርስት ደብተር ቆየ። በዚያ ዓመት ከኦክላሆማ ጋራ ተጨመረ፤ በ1907 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ አውራጃ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ዋና ከተማው ቦይዚ ሲቲ ሲቆረቈር፥ የመሬት ነጋዴዎች ጥላ ያለው ዛፍና የተነጠፈ መንገድ እንዳለ በወረቀት አሳትመው ቦታ ሸጡ። ገዢዎቹ ሲደርሱ ያገኙት ባዶ ሜዳ ነበር፤ ሻጮቹም ተከሰው ተፈረደባቸው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ከፍ ስላለ፥ ገበሬዎች ያን ከጥንት ጀምሮ አፈሩን ይዞ የኖረውን ሣር በትራክተር ገለበጡት። በ1920 ዓ.ም. 3,436 የነበረው ሕዝብ በ1930 ዓ.ም. 5,408 ደረሰ። ወዲያው ግን የስንዴ ዋጋ ወደቀ፥ ድርቅም ተከተለ። ሣሩ የተነቀለበትን አፈር የሚይዘው ነገር ስለ ታጣ፥ ነፋሱ አንሥቶ ወሰደው። በምዕራባውያን ዘንድ የሆሣዕና ዕለት በነበረው እሑድ፥ ሚያዝያ 14 ቀን 1935፥ ጥቁር የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ ቀኑን ሌሊት አስመሰለው። ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ በ1940 ዓ.ም. ሲቈጠር 3,654 ብቻ ተገኙ።

ይህ ጥፋት ያልተነገረ አልነበረም። ሂው ቤኔት የተባለው የአፈር ሊቅ የአፈር መሸርሸር የአገር ጠላት መሆኑን በ1928 ዓ.ም. መንግሥት ባሳተመው ጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። አፈርን የሚጠብቀው ሕግ የወጣው ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1935፥ ከጥቁሩ እሑድ 13 ቀን በኋላ ነው። በምክሩና በሕጉ መካከል ያለፈውን 7 ዓመት ነፋሱ ቆሞ አልጠበቀም። ከዚያ ወዲህ ገበሬው እርሻውን በእርከንና በአግድም ትልም እንዲያርስ ተማረ፤ ከተጐዳውም መሬት መንግሥት ከፊሉን ገዝቶ ሣር መልሶ አበቀለበት።

ዛሬ አውራጃው በስንዴና በከብት ይኖራል፤ በ2020 ዓ.ም. የተቈጠረው ሕዝቡ 2,296 ነው። ሕዝቡ የቀነሰው በአቧራው ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ መኪና የሚታረሰው እርሻ ጥቂት ሠራተኛ ስለሚበቃው ነው። ደግሞም በዚያ ሜዳ ለመስኖ የሚቀዳው የምድር ውስጥ ውሃ ዝናቡ ከሚተካው ይልቅ ስለሚበዛ፥ እየጐደለ መሄዱን ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ የአፈሩ ጥያቄ ዛሬ በውሃው ተመልሶ መጥቷል። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ከሲማሮን የሚማረው ይህን ነው፤ የሊቅ ምክር የሚጠቅመው ከጥፋት በፊት ሲሰማ ነው፤ ከጥፋት በኋላ የሚሰማ ምክር ግን የቀረውን ለማዳን ካልሆነ በቀር የሄደውን አይመልስም።