ቡድኑ መጣ፣ ደጋፊው ቀረ

አቦትስፎርድ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ከቫንኩቨር በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 7,000 ተመልካች የሚይዝ አዲስ አዳራሽ ከፈተች። በዚያው ዓመት አቦትስፎርድ ሂት የተባለ የበረዶ ሆኪ ቡድን መጥቶ ይጫወትበት ጀመር። አምስት የውድድር ዘመን ከቆየ በኋላ ግን ወንበሮቹ አልሞላ ብለው ቡድኑ ከተማዋን ለቆ ሄደ። ካናዳውያን ሆኪ ነፍሳቸው ነው፤ ታዲያ ደጋፊው የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የሊጎቹን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ሲሆን፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ኤኤችኤል ይባላል። ዛሬ ሁለቱም 32 ቡድኖች አሏቸው። እያንዳንዱ የኤንኤችኤል ክለብ በኤኤችኤል ውስጥ ወጣቶቹን የሚያሳድግበት ተተኪ ቡድን አለው። ዋናው ክለብ ተጫዋች ሲጎዳበት ወይም ሲጎድልበት ከተተኪው ይወስዳል።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። የከተማው ሰው ቡድኑ እንዲያሸንፍለት ይፈልጋል፤ ዋናው ክለብ ደግሞ የሚፈልገው የበሰለ ተጫዋች ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ሲጋጩ የሚጸናው የክለቡ ነው። ተመልካቹ የአንድን ግብ አግቢ ስም ለምዶ ማሊያውን ሲገዛ፣ ልጁ ወደ ላይ ተጠርቶ ይሄዳል። በየዓመቱ ከአዲስ ሰው ጋር መተዋወቅ ደግሞ ፍቅርን ያላላል።

ይህ የሁሉም ተተኪ ቡድኖች ፈተና ነው። የአቦትስፎርድ ግን ይባስ ነበር፤ ምክንያቱም ሂት የካልጋሪ ፍሌምስ ተተኪ ነበር። የአካባቢው ሰው ደግሞ ከጥንትም የቫንኩቨር ካነክስ ደጋፊ ነው። ሁለቱ ክለቦች የቆየ ባላንጣነት አላቸው፤ በ2004 ካልጋሪ ቫንኩቨርን በሰባተኛው ጨዋታ፣ በተጨማሪ ሰዓት ከጥሎ ማለፉ አስወጥቶታል። የኢትዮጵያ ቡና ተተኪዎች በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች መካከል ሜዳ ቢሰጣቸው ማን ያጨበጭብላቸዋል? ሂት የተሰጠው ቦታ እንዲህ ያለ ነበር። ማሊያው እንኳ የፍሌምስን ቀለም የያዘ ነበር።

ዘመኑም አልረዳውም። ካነክስ በ2011 ለኤንኤችኤሉ የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በቦስተን ተሸነፈ። ልቡ ከካነክስ ጋር የሆነ ሰው ጨዋታውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ማየት ይችላል፤ ካሰኘውም ቫንኩቨር ለመድረስ የሚያስፈልገው የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

ርቀትም ሌላ ዕንቅፋት ሆነ። ያኔ አብዛኞቹ የኤኤችኤል ቡድኖች የሚገኙት በአህጉሩ ምሥራቃዊ ክፍል ነበር። አምስት ቡድኖች ወደ ካሊፎርኒያ የመጡት በ2015 ነው፤ ሂት ከሄደ በኋላ። ስለዚህ ተጋጣሚ ሆነው የሚመጡት የአቦትስፎርድ ሰው ብዙም የማያውቃቸው የሩቅ ከተማ ቡድኖች ነበሩ። ደጋፊዎቹን አስከትሎ የሚመጣ፣ ከተማውን የሚያሟሙቅ ጎረቤት ተቀናቃኝ አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ የከፈለው ነዋሪው ነው። የከተማው አስተዳደር ለአሥር ዓመት በገባው ውል ለቡድኑ በዓመት 5.7 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገቢ ዋስትና ሰጥቶ ነበር። የጎደለው ከከተማው ካዝና ይሞላ ነበር። በ2014 ውሉን ለማፍረስ ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። አንድም ጊዜ ትኬት ያልቆረጠ ሰው ሳይቀር በግብሩ የጨዋታው ከፋይ ሆነ። ይህ ሊያሳስበን ይገባል፤ ያ ገንዘብ ለመንገድም ለቤተ መጻሕፍትም ይውል ነበርና።

ተመልካች ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ትኬት ተወደደ፣ ማስታወቂያ አነሰ፣ ቡድኑ ደካማ ነው ይባላል። እነዚህ ነገሮች የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ሂት ለጥሎ ማለፍ የደረሰ ቡድን ነበር። ዋናው ምክንያት ሌላ መሆኑን በኋላ የሆነው ያሳያል። በ2021 ቫንኩቨር የራሱን ተተኪ ቡድን አቦትስፎርድ ካነክስ ብሎ ወደዚያው አዳራሽ አመጣ። ከተማው ያው፣ ሊጉም ያው ነው፤ ተመልካቹ ግን መጣ። በ2025 ቡድኑ ሻርለትን አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ካልደርን ሲወስድ፣ በሜዳው ያደረጋቸው የፍጻሜ ጨዋታዎች አዳራሹን ሞልተውት ነበር።

ቀድሞ ደጋፊን ያሸሽ የነበረው የተጫዋች መጠራትም ትርጉሙ ተለወጠ። ትናንት እዚህ ያዩት ወጣት ወደ ላይ ሲጠራ የሚሄደው ወደሚወዱት ክለብ ነው። በእሱ መሄድ የሚከፋ ቢኖር እንኳ፣ ካነክስን ሲያይ ያንን ልጅ ያገኘዋል።

እንግዲህ አዳራሽ ሠርቶ ቡድን የሚጠራ ከተማ ከወንበሩ ብዛት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፦ የሚመጣው የማን ቡድን ነው? ከማን ጋር ይጫወታል? ኪሳራ ቢመጣስ ማን ይሸከመዋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ከባለሥልጣንና ከባለሀብት ይልቅ በትክክል የሚመልሰው ነዋሪው ነው፤ ስለዚህ ፊርማው ከመቀመጡ በፊት እሱ ይጠየቅ።