በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች የሕዝብ ቍጥርና የነጋዴው ሒሳብ

አንድ ነጋዴ ዕቃውን ወደ አንድ ከተማ ከመላኩ ወይም በዚያ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት አስቀድሞ የሚጠይቀው «በዚያ ከተማ ስንት ሰው ይኖራል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ከተሞች የነዋሪዎቻቸው ቍጥር እኩል ሆኖ ሳለ፥ አንደኛው ለባለ ሱቁ ትርፍ፥ ሁለተኛው ግን ኪሳራ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ በዋና ከተማችን ዙሪያ ያሉትን ከተሞች እርስ በርሳቸው እያስተያየን፥ ነጋዴው ቍጥርን እንዴት አድርጎ ማንበብ እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ እንሞክራለን።

በቅድሚያ ቍጥሩ ከየት እንደ ተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን አጠቃላይ የሕዝብና የቤት ቈጠራ የተካሄደው በ1976፥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ ቈጠራው በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። ይሁን እንጂ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቈጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምናቀርባቸው አኃዞች ሰው ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ ከቈጠራቸው የተወሰዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን አጭር አይደለም።

አዲስ አበባ፤ በ1987 ዓ.ም. 2,112,737፤ በ1999 ዓ.ም. 2,739,551።
አዳማ፤ በ1987 ዓ.ም. 127,842፤ በ1999 ዓ.ም. 220,212።
ቢሾፍቱ፤ በ1987 ዓ.ም. 73,372፤ በ1999 ዓ.ም. 99,928።
ሰበታ፤ በ1999 ዓ.ም. 49,331።
ቡራዩ፤ በ1999 ዓ.ም. 48,876።
ሆለታ፤ በ1999 ዓ.ም. 25,593።

ከዚህ ዝርዝር የሰበታና የቡራዩ ነዋሪዎች ቢደመሩ 98,207 ይሆናሉ፤ ይህም ከቢሾፍቱ የሚያንሰው በ1,721 ሰዎች ብቻ ነው። ቍጥሩን ብቻ የተመለከተ ነጋዴ «ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ ከቢሾፍቱ ጋር የሚተካከል ገበያ ናቸው» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ የራስዋ ገበያና በዙሪያዋ ያለው ገጠር ያላት፥ ስለ ሐይቆችዋም እንግዳ የማይለያት ከተማ ናት። የቢሾፍቱ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ በአብዛኛው እዚያው ቢሾፍቱ ይገዛል። ቡራዩ ግን በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ ጋር ጎን ለጎን የተያያዘች ናት። ከነዋሪዎችዋ ብዙዎቹ ማለዳ በታክሲና በአውቶቡስ ወደ ዋናው ከተማ ይወርዳሉ፤ ማታ ሲመለሱም ጨርቁንና ጫማውን ከመርካቶ ገዝተው ይመጣሉ።

እንግዲህ እንደዚህ ባለው ከተማ ሱቅ የሚከፍት ሰው ከመርካቶ ጋር በጨርቅ ልወዳደር ቢል ይደክማል። ለእርሱ የሚበጀው ሰው ለመግዛት ሩቅ የማይሄድበት ዕቃ ነው፤ ይኸውም ስኳር፥ ሳሙና፥ ዘይት፥ ዳቦና ይህን የመሰለው ነው። አዲስ ሠፈር የሚሠራበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶ፥ ቆርቆሮና ምስማር ፈላጊ አያጡም።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር ዕድገቱ ነው። በሁለቱ ቈጠራዎች መካከል የአዲስ አበባ ሕዝብ ከመቶ 30 ያህል፥ የቢሾፍቱ ከመቶ 36 ያህል፥ የአዳማ ደግሞ ከመቶ 72 ያህል ጨምሯል። በዚህ ሚዛን ቢመዘን አዳማ ከሁሉ ትቀድማለች። ሆኖም «ከመቶ ይህን ያህል» የሚባለው አነጋገር ነጋዴውን ሊያሳስት ይችላል። አዲስ አበባ በእነዚያ ዓመታት የጨመረችው 626,814 ሰው ነው፤ ይህም የመላው አዳማ ሕዝብ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው አዲስ ቦታ ለሚፈልግ ባለ ሱቅ ሲሆን፥ ጠቅላላው ብዛት የሚጠቅመው ግን በመርከብ ጭነት ለሚያስመጣ አስመጪ ነው።

ሦስተኛው የሕዝቡ አደረጃጀት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ በአዲስ አበባ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ በ128,777 በልጠው ተገኝተዋል። ለእያንዳንዱ 100 ሴት በአዲስ አበባ 91፥ በቢሾፍቱ 92፥ በሆለታ 97፥ በአዳማ 98 ያህል ወንዶች ነበሩ፤ ሰበታም ከሆለታ ብዙ አልራቀችም። የሴት ጫማ፥ ነጠላና ቅባት የሚያስመጣ ወይም የሚያከፋፍል ሰው ይህን ልዩነት ሳያይ ቢያልፍ ይጐዳል። ግን ደግሞ ወደ ዋናው ከተማ ከሚመጡት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ በሰው ቤት በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ራስ መቍጠርና ኪስ መቍጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዕድሜም ነገር እንደዚሁ ነው። በዚያው ቈጠራ መሠረት ከመላው የአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 45 ያህሉ ዕድሜው ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን የልጆቹ ድርሻ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ስለዚህ የደብተርና የልጆች ልብስ ነጋዴ በዋናው ከተማ የለመደውን ሒሳብ ይዞ ወደ ሌላው አገር ቢሄድ፥ ሒሳቡ አይገጥምለትም።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ለውጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። በዱከም የኢንዱስትሪ ዞን ተቋቁሟል። የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቷል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደውና ከሰበታ የሚነሣው አዲሱ የምድር ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በጀሞ፥ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ከመካከለኛው ከተማ ወደ ዳር አውጥተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፥ ቡራዩ፥ ሱሉልታ፥ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ ሸገር ከተማ በሚባል በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ በዚያው ጊዜም በአካባቢው ብዙ ቤቶች ስለ ፈረሱ ነዋሪው ከቦታ ወደ ቦታ ተዛውሯል። እንግዲህ ወሰኑ ተለውጦ፥ ሰውም ተዛውሮ ሳለ፥ በአሮጌው ቍጥር ተማምኖ ከባንክ ገንዘብ ወስዶ መጋዘን መሥራት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደ ተባለው ይሆናል።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? አዲስ ቈጠራ እስኪደረግ ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባውም። በሠፈሩ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ካምናው ጨምረው እንደ ሆነ ይጠይቅ። ማለዳና ማታ በታክሲው ማቆሚያ ቆሞ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሰው ይመልከት። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት በሳምንት ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ ያነጋግር፤ ምክንያቱም እህል የሚያስፈጭ ቤተ ሰብ እዚያው ውሎ የሚያድር ቤተ ሰብ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የራሱን የሽያጭ መዝገብ በየወሩ እያስተያየ ይመርምር። ይህ ሁሉ የመንግሥትን ቈጠራ አይተካም፤ ነገር ግን የቆየው ቍጥር ወዴት እንዳዘነበለ ይጠቍማል።

በመጨረሻም የሕዝብ ቈጠራ የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ዝም ማለት አይገባንም። ስንት መርከብ ስኳር፥ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ስንት ሰው እንዳለና ያ ሰው የት እንደሚገበያይ ሲታወቅ ነው። ሳይታወቅ የመጣ ዕቃ በአንዱ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሲበላሽ፥ በሌላው ከተማ ደግሞ ዋጋው ይንራል፤ ጕዳቱም በነጋዴውና በገዢው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የቈጠራው ቀን በደረሰ ጊዜ እያንዳንዱ ነጋዴ በሩን ከፍቶ፥ ቤተ ሰቡንና ሠራተኞቹን ሳይደብቅ ማስቈጠር ይገባዋል፤ የሚገኘው ቍጥር ነገ እርሱ ራሱ ሒሳብ የሚሠራበት ነውና።