ለአሮጌዋ ፒካፕ ሌላ ሞተር? መጀመሪያ ሊብሬውን ያውጡ

ከገዳሪፍ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግ የጫነች አሮጌ ሃይሉክስ መንገድ ላይ ከቆመች ኪሳራው የጥገና ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ላይ የዋለ በግ ክብደቱን እዚያው ይጥላል፤ ገዢም በዓይኑ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ሞተር መቀየሩን አልቃወምም።

ግን የትኛውን? ዲ ፎር ዲ ጉልበት አለው፤ ናፍጣም ይቆጥባል። በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ቢያተርፍልዎ በደርሶ መልስ 6 ሊትር፣ በዓመት 40 ጊዜ ቢመላለሱ 240 ሊትር ነው። ይህን በዛሬው የናፍጣ ዋጋ አባዝተው ከሞተሩ፣ ከገመድ ዝርጋታውና ከመካኒኩ ሒሳብ ጋር ያስተያዩት። ኖዝሎቹ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ናቸው፤ ከበርሜል የተቀዳ ውሃ የነካው ናፍጣ ይገድላቸዋል። ዶካ ላይ ማን ሊጠግናቸው ነው? ቱ ኤል ለያዘ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ፋይቭ ኤል ይበቃዋል። የአንድ ዘር ሞተሮች ስለሆኑ አገጣጠሙ ይቀላል፤ ፖምፓውም ሜካኒካል ነው።

የኢትዮጵያ ታርጋ ያላችሁ፣ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ መስፈሩን አትርሱ። ኬላ ላይ ካልገጠመ መኪናዋ ከነጭነቷ ልትያዝ ትችላለች። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳትቀበሉ ለሞተሩ ገንዘብ አትክፈሉ፤ አዲሱንም ቁጥር ከመጀመሪያው ጭነት በፊት አስመዝግቡ።