ቃለ ጉባኤ ላይ የማይሰፍረው ስም

ከእኔ ሰማን አትበሉ። ፒያሳ ሳይፈርስ እዚያ ቢሮ ከነበራቸው የሲቪክ ማኅበራት ጋር ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። የኢንተርኔት ተጠቃሚን ማንነት የሚሰውረው ቶር የተባለው መሣሪያ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ጸሐፊውም እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ፍርሃቱ ከመሬት አልበቀለም። ግንቦት 2004 ዓ.ም. የኢንተርኔት ፍሰቱን እየፈተሸ የሚለይ ቴክኖሎጂ ተገጥሞ ቶር አገር ውስጥ ተዘጋ። ሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ማዕከላዊ እስር ቤት ገቡ፤ አራዳ ምድብ ችሎት እየቀረቡም ቀጠሮ ተጠየቀባቸው። በሽብር ክሱ ላይ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው የደኅንነት መመሪያ መሠልጠናቸው ተጠቀሰ። መመሪያው ታክቲካል ቴክና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ ያዘጋጁት፣ ማንም በነጻ የሚያነበው ነው። የመጨረሻዎቹ ተከሳሾችም በ2008 ጥቅምት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ማኅበራቱ ልብ ውስጥ የቀረው ግን ክሱ እንጂ ፍርዱ አይደለም።

እኔ ዝምታውን አልቀበልም። ባሏ የደበደባት ሴት፣ የአለቃውን ሙስና የሚጠቁም ሠራተኛ እኛን አምነው ይመጣሉ። ፋይላቸውን ቆልፈን ቁልፉን ኪሳችን እንከታለን፤ ወደ እኛ የመጡበት የኢንተርኔት ዱካ ግን ለቴሌ ክፍት ነው። ቶር ይህን ዱካ በሦስት ኮምፒውተሮች ያሳልፈዋል፤ የመጀመሪያው ላኪውን እንጂ መድረሻውን፣ የመጨረሻው መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። ኮምፒውተሮቹን የሚያቆሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ስለ ቶር «ገንዘቡ የአሜሪካ መንግሥት ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አለው፤ ሐሳቡ የተጸነሰው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ተቋም ነው፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶርን የሚመራው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅትም ከዚያው መንግሥት ብዙ ገንዘብ ሲቀበል ኖሯል። ታዲያ በአንድ ኪስ ላይ እንዳይንጠለጠል ሌሎች ማኅበራት የእርዳታ እጃቸውን መዘርጋት አለባቸው ማለት ነው እኮ! ወንጀለኛም ይሸሸግበታል፤ ይህን አልክድም። ወንጀለኛው ግን የተሰረቀ ስልክም፣ የሌላ ሰው ሲምም አያጣም። ያቺ ሴት ሌላ መሸሸጊያ የላትም።

በሕግ በኩልም ነገሩ ተለውጧል። አዋጅ 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ እንዳይቀበሉ ያግድ ነበር፤ 1113/2011 ገደቡን አነሳው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ እንድንጠብቅ ያስገድደናል።

ለቦርድ አባላት በጆሯቸው የምነግራቸው ይህን ነው፦ የመውጫ ጣቢያ፣ ማለትም ከሦስቱ የመጨረሻውን ኮምፒውተር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አትክፈቱ፤ የሌላ ሰው ጥፋት በእናንተ አድራሻ ይመዘገባል። ገንዘብ ስጡ፣ የአማርኛ መመሪያ አሠሩ። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ስኖውፍሌክ የተባለውን የቶር ማገዣ ብራውዘራቸው ላይ ይጫኑ፤ ቶር ለታገደበት ሰው መሻገሪያ ይሆናል፣ የመውጫ ጣቢያ ጣጣም የለውም። ለሠራተኞቻችሁም አትዋሹ፦ ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ቶርም አይሠራም፤ በ2006 ዓ.ም. የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረው የስለላ ፕሮግራም በተላከ ፋይል ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባም ቶር አያድናችሁም።