የጀርመንኛ ቅጽልና መድረሻው

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም.፣ ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ክራፍ የተባሉ ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ወደ አንኮበር መጥተው ነበር፤ ከሁለቱም ኢዘንበርግ በ1841 የአማርኛን መዝገበ ቃላት፣ በተከታዩም ዓመት ሰዋስውን በለንደን አሳትሟል። እነርሱ የእኛን ልሳን እንዲህ ሲመረምሩ፣ የእነርሱን ለመማር የሚነሣውን የሸዋ ሰው ገና ከደጃፉ የሚያስደነግጠው የቅጽሉ መድረሻ ነው።

ጀርመንኛ ስሞችን ተባዕት፣ አንስትና ግዑዝ ብሎ በሦስት ጾታ ይከፍላል፤ ስሙም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ተቀባይ ወይም ዘርፍ ይሆናል፤ ይህንንም ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውቀው ከስሙ ፊት የሚቆመው አመልካች ቃል ነው። ቅጽሉ ከስሙ ሲቀድም ኧ፣ ኧን፣ ኧር፣ ኧስ፣ ኧም ከሚሉት አንዱን ይይዛል፤ «ደር ማን ኢስት ጉት»፣ ሰውዬው ደግ ነው፣ ሲባል ግን ምንም አይጨመርበትም።

መምህራን ለዚህ ሰንጠረዥ ያስጠናሉ፤ እኔ ግን ምሥጢሩን ማወቅ ይቀድማል ባይ ነኝ። በቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካዩ የእንግዳውን ማዕርግ ካስታወቀ እንግዳው እጅ ነሥቶ ዝም ይላል፤ አስከልካዩ ዝም ካለ ግን እንግዳው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ቅጽሉም እንዲሁ ነው። «ደር ጉተ ማን»፣ ደጉ ሰው፣ ሲባል ተባዕትነቱንና ባለቤትነቱን «ደር» ስለ ተናገረ ቅጽሉ በ«ኧ» ይወሰናል፤ «አይን ጉተር ማን»፣ አንድ ደግ ሰው፣ ሲባል ግን «አይን» ጾታውን ስለማይገልጥ «ኧር»ን ቅጽሉ ይሸከማል፤ ሕፃን ደግሞ በጀርመንኛ (ለእኛ ጆሮ ቢከብድም) ግዑዝ ስለ ሆነ «አይን ጉተስ ኪንት» ይባላል።

ይህ አሠራር ከእኛ እጅግ የራቀ አይደለም፤ «ቤቱን» የምንለው፣ ቅጽል ሲገባበት «ትልቁን ቤት» ይሆናልና፣ ምልክቱ ስሙን ትቶ ወደ ቅጽሉ ይሻገራል። ግእዝ ግን «ሐነጸ ቤተ ዐቢየ» ሲል የተሳቢውን ምልክት ለስሙም ለቅጽሉም ይሰጣል፤ ስለዚህ በደብረ ብርሃን የአብነት ትምህርት ቀስሞ ባለቤትና ተሳቢን የለየ ተማሪ ለጀርመንኛው ከሌላው የቀረበ ይመስለኛል።

እርሱንም ቢሆን የሚያደናግር አንድ ስፍራ አለ፤ የወይን ጠጅ ስም «ቫይን» ያለ አመልካች ዘርፍ ሲሆን «ጉተን ቫይነስ» ይባላል። ስሙ ራሱ «ኧስ»ን ስለ ያዘ፣ ቅጽሉ በጥንቱ አነጋገር የነበረውን «ኧስ» ትቶ «ኧን»ን ወስዷል።